የውሃ ትንፋሽ

በመንደሩ ውስጥ ከመርከቧ የመጣ ዕቃ ያልገባበት ቤት የኡያራክ ቤት ብቻ ነበር። ሌላው ሰው እንዳቅሙ ወስዷል። ግድግዳው አፈርና የዓሣ ነባሪ አጥንት፣ ጣራው ሣር የበቀለበት ጎጆ ሆኖ፣ በሩ ግን የናስ እጀታ ያለው የካፒቴን በር ነው። ሰዉ ሻዩን የሚጠጣው በመርከበኛ ኩባያ ነው። አይቪቅ የሚባለው ሽማግሌ ደግሞ ባለ ቀይ ከፈይ ወንበር አግኝቶ ደጃፉ ላይ አኑሮታል። ብርዱ አጥንት ቢሰብርም እዚያ ላይ ጉብ ብሎ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ይለክፋል።

ኡያራክ ሲያልፍ ግን ዝም ይላል። ወንበሩ ለኡያራክ ሚስት ለሲግቫና የታሰበ ነበር።

መርከቧ የፈረንጅ ነጋዴዎች ንብረት ነበረች። በረዶ በሚለቅበት ወራት ወደ አላስካ ሰሜን ጠረፍ እየመጣች ዱቄት፣ ሻይና ጥይት ታራግፋለች፤ የቀበሮ ቆዳ ጭና ትመለሳለች። አንድ ዓመት በረዶው ቀደማት። ቆዳውን እንደ ጫነች በመንደሩ ትይዩ ባሕሩ ጠጠረና ያዛት። መርከበኞቹ የብስ ላይ የእንጨት ቤት ሠርተው፣ እስኪለቃት እንጠብቃለን ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ዐውሎ ነፋስ መጣ። ሰው ከደጁ ወጥቶ የራሱን ውሾች ማየት አቃተው። ሲገለጥ መርከቧ የነበረችበት ቦታ ባዶ ነው። ካፒቴኑ ኮፍያውን አውልቆ ጥቂት ቆመ፤ «ሰጥማለች» አለና ተመልሶ ገባ። እሱም ሰዎቹም ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ተጭነው ወደ አገራቸው ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ ወደ ደቡብ ለአደን ወርዶ የነበረ ሰው ተመለሰ።

«ሰጠመች ያላችኋት መርከብ እኮ ቆማለች» አለ። «በዓይኔ አይቻት ነው የመጣሁት።»

ከዚያ ወዲያ የማንም አልሆነችም። በረዶው ይዟት ይዞራል፤ ነፋስ ወደ መራት ትሄዳለች። ወራት ጠፍታ፣ ሰው አንድ ቀን ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ አድማሱ ላይ ቆማ ያገኛታል። ጭስ የላት፣ ድምፅ የላት፣ ሰው የላት። ልጆች ይፈሯታል። ትልልቆቹ ዕቃዋን ሊያመጡ ውሾቻቸውን ይጠምዳሉ።

ናገያክና ሱቭሉ የሄዱትም እንዲሁ ነው። ናገያክ የኡያራክና የሲግቫና አንድ ወንድ ልጃቸው ነበር። ሱቭሉ እኅቱን ማሳክን ያገባ ነው፤ ግን ከአማችነታቸው ጓደኝነታቸው ይቀድማል። የጨለማው ወራት አልፎ ፀሐይ ተመልሳለች፤ በረዶው ከዳር እስከ መርከቧ አንድ ወጥ ነው። ሲግቫና ለልጇ አዲስ ጓንት ሰፍታለት ነበር። አቆስጣ ከሚባለው የባሕር እንስሳ ቆዳ የተሠራ፣ አንጓው ላይ ነጭ የአጋዘን ቆዳ የዞረበት ነው።

«የማይረባ ኮተት እንዳትሰበስብ» አለችው። «ቤቱ ጠባብ ነው።»

«ላንቺ ወንበር አመጣለሁ እማዬ። እንደ ፈረንጅ ሚስት እግርሽን አንጠልጥለሽ ትቀመጫለሽ።»

«ወንበር ላይ ወጥቼ ቆዳ ልፍቅ? ሂድ ወዲያ!»

ሳቀ። ሄደ።

ሱቭሉ ብቻውን ተመለሰ። ጋሪው ላይ ቀዩ ወንበር ነበር። የሆነውን ሲናገር ቃል አላበዛም። እሱ ታች በረዶው ላይ ከውሾቹ ጋር ነበር፤ ናገያክ ከላይ ዕቃውን በገመድ እያወረደ ነበር። ነፋሱ ዞረ፤ ከየብስ ወደ ባሕር መንፈስ ጀመረ። በረዶው አንድ ጊዜ ጮኸና በመርከቧና በጋሪው መካከል ተሰነጠቀ። ስንጥቁ የጋሪ ስፋት ሆነ፤ ከዚያ የቤት ስፋት ሆነ። ናገያክ ከመርከቧ ጠርዝ ላይ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ «ውሾቹን ይዘህ ሂድ!» ብሎ ጮኸ። ሱቭሉ ጀልባ አልያዘም ነበር። ሄደ።

ማንም አልወቀሰውም። ሲግቫናም አልወቀሰችውም። ወንበሩን ግን ቤቷ አላስገባችም። ሱቭሉ ወስዶ ለአይቪቅ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ የሱቭሉ ቀልድ ከበፊቱ በዛ፤ ኡያራክ ይህን ያስተውል ነበር።

ሲግቫና አላለቀሰችም። «መርከቧ ላይ ዱቄት አለ» ትላለች። «ከሰል አለ፤ ምድጃ አለ። ጠመንጃው ከእጁ ነው። ልጄ ሞኝ አይደለም።» ይህን ሐሰት ነው የሚል አልነበረም። ኡያራክም አልቻለም።

በሚቀጥለው ዓመት ዓሣ ነባሪዎቹ ሊመለሱ ሲቃረቡ መርከቧ ታየች።

ኡያራክ በረዶ አዋቂ ነበር። በጉልምስናው ጀልባ መርቶ ዓሣ ነባሪ ሲያድን የኖረ ነው። ሰማዩን አንድ ጊዜ አይቶ ውሃው የት እንደ ተከፈተ ይናገራል። ባሕሩ በሚከፈትበት ቦታ ላይ ብርዱ ሲያርፍበት እንደ ጭስ የጠቆረ ነገር ይነሣል፤ የውሃ ትንፋሽ ይሉታል። ጭስ መስሎት፣ ሰው ያለ መስሎት ወደዚያ የነዳ ብዙ ነው። የኡያራክ ታላቅ ወንድም በልጅነታቸው በዚያ መንገድ ሄዶ ቀርቷል። ስለዚህ ኡያራክ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲከለክል ኖረ፤ የከለከላቸው ሰዎችም በሕይወት አሉ። ተሳስቶም አያውቅም።

ያን ቀን ሰው ሁሉ ጣራ ላይ ወጥቷል። መርከቧ ሩቅ ናት፤ አድማሱ ላይ የተመታች ሚስማር ታክላለች። ከበላይዋ ጥቁር ነገር ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ይጎብጣል።

«ጭስ ነው» አለች ሲግቫና።

ኡያራክ ዓይኑን በእጁ ከልሎ ብዙ ጊዜ ተመለከተ። ሰዉ የሚያየው ሰማዩን አልነበረም፤ የእሱን ፊት ነበር።

«የውሃ ትንፋሽ ነው» አለ።

«ጭስ ነው እልሃለሁ! ከላይዋ ነው የሚወጣው። አታይም እንዴ አንተ ሰውዬ?»

«በኛና በእሷ መካከል ውሃ ተከፍቷል። ሰማዩ ሥሩ እንዴት እንደ ጠቆረ እዪ። ወደዚያ የሄደ አይመለስም።»

ሱቭሉ ውሾቹን ጠምዶ ጨርሶ ነበር። ትንሿን የቆዳ ጀልባም ጋሪው ላይ አስሯታል።

«አባባ፣ እኔ ልሂድ» አለ። «ጀልባ ይዣለሁ። የበረዶው ጠርዝ ድረስ ብቻ። አይቼ እመለሳለሁ።»

«ጠርዙ ነው የሚበላህ። ልጄን ባል አልባ ልታደርጋት ነው? ፍታቸው።»

ሱቭሉ እጁ ማሰሪያው ላይ እንዳለ ሲግቫናን አየ። ከዚያ ኡያራክን አየ። ከዚያ ውሾቹን ፈታ።

ሲግቫና አልጮኸችም። ያ ጥቁር ነገር ሳስቶ እስኪጠፋ ድረስ ጣራው ላይ ቆመች። ሲጠፋ ወርዳ ሥጋ ቀቀለች። በማግስቱ መርከቧ አልነበረችም። ሲግቫና ከዚያ ወዲያ ጭስ የሚለውን ነገር አላነሣችም፤ ለኡያራክም ምግቡን እንደ ወትሮው ታቀርብለት ነበር። አስረዝማ ግን አታወራውም።

በጨለማው ወራት ማሳክ ወንድ ልጅ ወለደች።

በዚያ አገር ሕፃን አዲስ ሰው አይደለም። የሞተ ሰው በስሙ በኩል ይመለሳል፤ ስሙ የተሰጠው ልጅ ያው ሰው ነው። ባሏ የሞተባት አሮጊት የባሏን ስም የያዘውን ጡት ጠቢ «ባሌ» ብላ ትጠራዋለች፤ ሥጋ መብላት ሲጀምር ለስላሳውን ትቆርጥለታለች። ሚሲዮናዊው አጥምቆ የሰጠው ስም አለ፤ እሱ ለቤተ ክርስቲያን ይሆናል። ሌላው ስም እስኪገኝ ግን ልጁ ያለቅሳል። የሚያስለቅሰው የስሙ ናፍቆት ነው።

የማሳክ ልጅ አለቀሰ። አሮጊቶች መጥተው ዙሪያውን ተቀመጡና የሙታንን ስም እየጠሩ ጆሮው ላይ ተናገሩ፤ የሱቭሉን አያት፣ የኡያራክን ወንድም፣ በወረርሽኝ ያለቁትን ሁሉ። ልጁ ይሰማል፤ እንደ ገና ያለቅሳል። ያልተጠራው ስም የትኛው እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። አሮጊቶቹ ሲግቫናን በጎን እያዩ ወጡ።

አይቪቅ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሱቭሉን ጠበቀው።

«ሱቭሉ፣ ልጅህን ለአደን አውሰን እስቲ። ድምፁን ሲሰማ ዓሣ ነባሪው ራሱ እጁን ሰጥቶ ይወጣል።»

«አንተን ሲያይ ደግሞ ተመልሶ ይገባል» አለ ሱቭሉ። ሳይስቅ አለፈ።

ልጁ መጥባት ቀነሰ። ማሳክ እናቷ ዘንድ ይዛው መጣችና ጉልበቷ ላይ አኖረችላት።

«እማዬ፣ እዪው። ክንዱን እዪ። እየመነመነብኝ ነው።»

ሲግቫና ክንዱን ያዘች። እንደ ሽማግሌ ክንድ ቆዳው ተልፈስፍሷል።

«ምን ላድርግልሽ?»

«ስሙን ስጪኝ።»

«የማንን ስም?»

«ታውቂዋለሽ እማዬ።»

«ወንድምሽ አለ» አለች ሲግቫና። «በሕይወት ያለ ሰው ስም ከላዩ አይወሰድም። ብወስድበት እሱ እዚያ በምን ይኖራል?»

ማሳክ ወደ አባቷ ዞረች። ኡያራክ የዘንጉን ጫፍ እየሳለ ነበር። ቀና አላለም። ልጁን ይዛ ስትወጣ ለቅሶው በመንደሩ መካከል እየራቀ ሲሄድ ተሰማው። ያን ስም መስጠት የሚችሉት እሱና ሲግቫና ብቻ ናቸው። እሷ አትሰጥም። እሱም በምን አፉ ይጠይቃታል?

ፀሐይ ስትመለስ መርከቧም ተመለሰች። ይህን ጊዜ ቅርብ ናት፤ የጭስ ማውጫዋ ዝገት ይታያል። ከበላይዋ ምንም የለም፤ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው።

«እሄዳለሁ» አለ ኡያራክ።

ሲግቫና ወደ ጓዳ ገብታ ቆየችና አዲስ ጓንት ይዛ ወጣች። አንጓው ላይ ነጭ የአጋዘን ቆዳ የዞረበት ነው። ኡያራክ ለራሱ መስሎት እጁን ዘረጋ።

«ላንተ አይደለም። የሱ እስካሁን አልቆበት ይሆናል» አለች።

ኡያራክ ጓንቱን ተቀብሎ ልብሱ ሥር፣ ደረቱ ላይ አኖረው።

ከሱቭሉ ጋር ሄዱ። በአይቪቅ ደጅ ሲያልፉ ሽማግሌው ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ። አይቪቅ ተነሥቶ ለሰው ሲቆም ያየው የለም።

ኡያራክ ከፊት ሆኖ ብረት በተሰካበት ዘንጉ በረዶውን እየወጋ ይሄዳል፤ ሱቭሉ ጋሪውን እየገፋ ይከተላል። በረዶው ተጋጭቶ እንደ ፈረሰ ግንብ በተከመረበት ቦታ ሁለቱም ጋሪውን አንሥተው ያሻግራሉ። ሱቭሉ ወደ ውሾቹ ጠቆመ።

«አባባ፣ እነዚህ ውሾች ከኔ ይልቅ ሚስቴን ነው የሚሰሙት።»

«እና ማን ይሰማሃል?»

«ልጁም አይሰማኝም። ቤቴ ውስጥ እኔን የሚሰማኝ ጋሪው ብቻ ነው፤ እሱም ቁልቁለት ሲሆን።»

ኡያራክ ጢሙ ላይ የያዘውን በረዶ ጠረገ። ፈገግ ያለ መሰለ። ከዚያ መርከቧ ከፊታቸው ቆመች፤ ከቅርብ ስትታይ ትልቅ ናት፤ ቀለሟ እንደ በሽተኛ ቆዳ ተልጧል። ሱቭሉ ውሾቹን ሳያቆም ራሱ ቆመ።

ከጎኗ የገመድ መሰላል ተንጠልጥሏል። ወደ መንደሩ በሚያየው ጎኗ ላይ ነው።

«ይሄ አልነበረም» አለ ሱቭሉ። «እኛ የወጣነው በዚያኛው በኩል ነው፤ መርከበኞቹ በተዉት ሳንቃ። አባባ፣ ይሄ አልነበረም።»

«ከኛ ወዲህ ሌላ ሰው ወጥቶ ይሆናል።»

«ማን? ከኛ ወዲህ ማን ሄደ?»

ኡያራክ መሰላሉን ያዘና ወጣ።

መርከቧ ላይ፣ በፊተኛው ወገን፣ ለሁለት የተቆረጠ በርሜል ተቀምጧል። ሥሩ ያለው ወለል ከስሎ ጎድጉዷል። ዙሪያውን የተቃጠሉ የበር ጫፎች፣ የወንበር እግሮች፣ ሬንጅ የተነከረ ገመድ ቁራጮች ወድቀዋል። ኡያራክ ተንበርክኮ አመዱን በጣቱ ቆፈረ። ከሥሩ የቀለጠ ስብ ረግቶ አገኘ። አሸተተው። የአቆስጣ ስብ ነው። ለምግብ ወይም ለሙቀት እሳት የሚያነድ ሰው በዚህ ነፋስ አያነድም፤ ስብና ሬንጅ ባንድ ላይ አይጨምርም። ስብና ሬንጅ ባንድ ላይ የሚጨምረው ጥቁር ጭስ የፈለገ ሰው ነው።

ሱቭሉ ከኋላው መጥቶ ቆመ።

የካፒቴኑ ክፍል በር የለውም፤ ያ በር መንደር ውስጥ ነው። በበሩ ፈንታ የቀበሮ ቆዳ ተሰፍቶ ተጋርዷል። ከውስጥ አልጋው ላይ የቀበሮ ቆዳ ተነባብሯል። ከቆርቆሮ የተሠራ የዘይት መብራት፣ በሲግቫና ቤት እንዳለው ተደርጎ፣ በትክክለኛው ቦታ ተቀምጧል። ባዶ ጣሳዎች ግድግዳውን ይዘው በሥርዓት ተደርድረዋል። ናገያክ ከልጅነቱ ጀምሮ ዕቃ መደርደር ይወድ ነበር። ጥግ ላይ ግማሽ የሆነ የዱቄት ከረጢት አለ። ድስቱ ውስጥ አጥንት አለ። ኡያራክ አንዱን አጥንት አንሥቶ አየው፤ የአቆስጣ ግልገል ነው፤ ገና በረዶ ላይ እንደ ተወለደ የተገደለ። ግልገል የሚገኘው ዓሣ ነባሪዎቹ ከመመለሳቸው በፊት ባለው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። የዘንድሮው ገና አልተወለደም። ካቻምና ደግሞ ናገያክ ከመንደር ገና መውጣቱ ነበር፤ ያን ያህል ባዶ ጣሳ ያኔ የለም። ስለዚህ ያምና ነው።

መርከቧ ከመንደሩ የታየችበት ጊዜ ነው። ጣራ ላይ የወጡበት ጊዜ ነው።

አልጋው አጠገብ አንድ ጓንት አገኘ። አንጓው ላይ ነጭ የአጋዘን ቆዳ አለበት። መዳፉ ተበልቶ በመርከብ ሸራ ክር ተጥፏል፤ ስፌቱ ሰፋ ሰፋ ያለ፣ የወንድ እጅ ነው። ከዚያም እንደ ገና ተቀድዷል። ወለሉ ላይ የቀበሮ ቆዳ ፍርፋሪ አለ፤ ሌላ ጓንት ሰፍቶ፣ ያንን አድርጎ ነው የወጣው። ጠመንጃው የለም። አልጋው ተነጥፏል።

ኡያራክ ወጥቶ መሰላሉ ከታሰረበት ጠርዝ ላይ ቆመ። መንደሩ ይታያል። የቤቶቹ ጭስ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወጥቷል። አምና ርቀቱ ከዚህ ብዙ እጥፍ ነበር፤ ቢሆንም ቀኑ የጠራ ነበር። ልጁ እዚህ ቆሞ የቤቶቹን ጭስ አይቷል። አይቶ የራሱን አስነሣ። ጠበቀ። የሚመጣ ሲያጣ መሰላሉን ጣለ።

«አባባ» አለ ሱቭሉ። ድምፁ ተቀይሯል። «ምግብ ትቶ ነው የወጣው። በእግሩ ሄዷል ማለት ነው። ምናልባት ሌላ መንደር ደርሶ፣ ምናልባት አንድ ቦታ…»

«ውሃ ነበረ።»

«እንዴት ያውቃሉ?»

«ያየሁት እኔ ነኝ። ሰማዩ ሥሩ ጠቁሮ ነበር። በኛና በእሷ መካከል ከዳር እስከ ዳር ተከፍቶ ነበር። ወደኛ የመጣ ሰው ውሃ ላይ ነው የሚደርሰው።» ኡያራክ ወደ በርሜሉ ዞረ። «ውሃው ነበረ። ጭሱም ነበረ። እኔ አንዱን ብቻ አየሁ።»

ሱቭሉ በእጁ ፊቱን ሸፈነ። ሲቆይ፣ «ብሄድም ያው ነበር» አለ። «እርስዎ እንዳሉት ጠርዙ ይበላኝ ነበር።»

«ጀልባ ይዘህ ነበር» አለ ኡያራክ። «አንተ በዚህ ጠርዝ ትቆማለህ፣ እሱ በዚያ ጠርዝ ይቆማል።»

ውሾቹ ከታች ይነጫነጫሉ። ኡያራክ ተመልሶ ወደ ክፍሉ ገባ። አዲሱን ጓንት ከደረቱ አውጥቶ አልጋው ላይ ሊያኖረው አለና ተወው። አሮጌውን አንሥቶ ከአዲሱ ጋር አንድ ላይ ደረቱ ላይ መለሰው።

በመመለሻቸው ሱቭሉ ከፊቱ ገብቶ አስቆመው።

«አባባ፣ ጭሱን አንንገራቸው።»

ኡያራክ በጎኑ ሊያልፍ ሲል ሱቭሉ ቀጠለ።

«መጀመሪያ ሰሞን ነው የሞተው እንበል። በብርድ እንበል። በረዶ ውስጥ ቀበርነው እንበል። እማማ ታለቅሳለች፤ ታልቅስ፤ ከዚያ ስሙን ትሰጣለች። ልጄም ይድናል። ያን ሌላውን ነገር ምን ያደርግላታል? እርስዎን መጥላት ብቻ ነው የሚያስተምራት።»

እውነቱን ነው። ኡያራክ መንገዱን ሁሉ ያሰበውም ይህንኑ ነበር። ከሲግቫና ጋር ያረጁት አብረው ነው፤ በቀሩት ጥቂት ዓመታት ያ ጣራ በመካከላቸው እንዲቆም አይፈልግም። ዘንጉን በረዶው ላይ ተክሎ ተደገፈበት።

«ሲግቫናን ልዋሻት እችላለሁ» አለ። «ስሙ ሲጠራ ግን ልጁ ማነው?»

ሱቭሉ ወደ መሬት አየ።

«ናገያክ ነው» አለ።

«እሱ ያውቃል። እዚያ ቆሞ የጠበቀን እሱ ነው። ከጉልበቷ ላይ ሆኖ ቀና ብሎ ሲያየኝ ምን እለዋለሁ? ቀድመህ ንዳ፤ ሳይመሽ እንግባ።»

ሲግቫና ደጅ ቆማ ጠበቀቻቸው። ጋሪው ላይ ሰው እንደሌለ ከሩቅ አይታለች፤ ቢሆንም ቆማለች። ማሳክ ልጁን ጀርባዋ ላይ አዝላ አጠገቧ ናት። ልጁ ያለቅሳል፤ ድምፁ ግን ሟሽሾ የድመት ግልገል መስሏል።

ገቡ። ኡያራክ ልብሱን ሳያወልቅ ተቀመጠና ሁለቱንም ጓንቶች አውጥቶ ፊቷ አኖረላት። አዲሱን አላየችውም። አሮጌውን አነሣችው።

«ጭስ ነበር» አለ ኡያራክ። «ያምናው። ልክ ነበርሽ። በርና ወንበር ሰባብሮ፣ ስብ ጨምሮ ነው ያስነሣው። ውሃም ነበር። ሳንመጣለት ስንቀር በእግሩ ወደኛ መጣ።»

የሚናገረው ይህንኑ ብቻ ነበር። ሱቭሉ በሩ ሥር እንደ ቆመ ነው። ማሳክ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ሲግቫና ጓንቱን ገለበጠችው። መዳፉ ላይ ያለውን ጥፈት በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፤ አንዱን ስፌት፣ ከዚያ ሌላውን።

«ይሄን ማነው የሰፋው?»

«እሱ።»

«ክሩን አጥብቅ ብዬው ነበር» አለች። «ስንቴ ነግሬዋለሁ። አይሰማም።»

ያኔ ነው ያለቀሰችው። ለብዙ ጊዜ አለቀሰች፤ ድምፅ አውጥታ፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች። ማንም አልነካትም። ኡያራክ መሬት መሬት እያየ ቆየ። ስትጨርስ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገችና እጇን ወደ ማሳክ ዘረጋች።

«ወዲህ በይው።»

ልጁን ተቀብላ አፏን ጆሮው ላይ አደረገች።

«ናገያክ» አለችው። «ናገያክ። ቤትህ ነው። ደርሰሃል።»

ልጁ ወዲያው ዝም አላለም። ጥቂት አለቀሰ፤ ሣግ ያዘው፤ እንደ ገና አለቀሰ። ከዚያ እናቱ አጠባችው፤ ጠባ፤ እየጠባም ተኛ።

መርከቧ ጥቂት ቀን ቆይታ ነፋሱ ሲዞር ሄደች። ያን ሰሞን ውሾቹን የጠመደ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ በሌላ ጠረፍ አየናት የሚሉ ሰዎች መጥተዋል፤ ኡያራክ ሲያወሩ ይሰማቸዋል፤ አይጠይቃቸውም። ሰማዩ ሥሩ ሲጠቁርም የመንደሩ ወጣቶች እንደ ድሮው ፊቱን ያያሉ። «ሄዳችሁ እዩ» ይላቸዋል፤ «ጀልባ ይዛችሁ ሂዱ።»

ሲግቫና ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገረችውም። ምግቡን ታቀርባለች፤ ጫማውን ታደርቃለች፤ ቃል ግን የለም። ማሳክ ልጁን ጠዋት ጠዋት እያመጣች ትተውላት ጀመር፤ ክንዱ እየሞላ ነው። ኡያራክ ሊይዘው አልጠየቀም። ሲግቫና ከልጁ ጋር ስታወራ ከማዶ ሆኖ ይሰማል። አንድ ቀን አይቪቅ ወንበሩን ራሱ ላይ ተሸክሞ መጣና ደጃቸው አስቀመጠው። «ወገቤን አሳመመኝ» አለ፤ «ለፈረንጅ ቂጥ የተሠራ ነው።» መልስ ሳይጠብቅ ሄደ። ወንበሩ እዚያው ደጅ ሁለት ሦስት ቀን ዋለ አደረ።

ኡያራክ አንድ ከሰዓት ከአደን ሲመለስ ወንበሩ ደጅ የለም። በሩን ከፈተ። ሲግቫና ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። እግሯ መሬት አይነካም። ልጁን ታፋዋ ላይ አቁማ በብብቱ ይዛዋለች፤ ልጁ ወደ በሩ ያያል።

«እየው ልጄ» አለችው፤ «አባትህ መጣ። ዘግይቷል። መጣ ግን።»

ኡያራክ እጁ በሩ ላይ እንዳለ ቆሞ ቀረ። ብርዱ ከኋላው ይገባል። ልጁ ዓይኑን ሳይነቅል ያየዋል።

ሲግቫና ቀና አለች።

«ግባና በሩን ዝጋ እንጂ» አለችው። «ልጁን እኮ ይበርደዋል።»